የእቁቡ ደብተርና የልጆቹ ሰዓት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ አቦሉ እስኪወርድ አንድ ወግ አለኝ። የሕግ ነገር ነው ስላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩብኝ። እኔም ጠበቃ አይደለሁም። ሲልቨር ስፕሪንግና ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖቼ እንግሊዝኛው የጠጠረ ደብዳቤ ሲደርሳቸው «እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው የሚጠሩኝ ሰው ነኝ። ክፍያዬ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በበየዓይነቱ።

በ2023 አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ተጠራሁ። የጠሩኝን እትዬ ልበላቸው፤ ስማቸው ይቆየን። ምግብ ቤታቸው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፤ ከኢስተርን አቬኑ በዲሲው ወገን። ደብዳቤው ከጠበቃ የመጣ ነው። ወጥ ቤት ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ ልጅ ኦቨርታይም አልተከፈለኝም ብሏል። እትዬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ነገሩ ነው ያንገበገባቸው።

«እኔን? ሴት ልጁን ክርስትና ያነሳሁለትን? ቤተሰብ አልነበርንም እንዴ?»

«ነበራችሁ እትዬ። ሰዓቱን የጻፉበት ነገር አለ?»

«የምን ሰዓት? ስንከፍት ይመጣል፣ ስንዘጋ ይሄዳል።»

ምናልባት ደረሰኝ ቢጤ ይገኝ እንደሆነ ብለው የካሽ መመዝገቢያውን መሳቢያ ሲጎረጉሩ ጠርዙ የተበላ ቀይ ደብተር ወጣ። ገለጥኩት። የእቁብ ደብተር ነው። ለካ እትዬ የእቁቡ ጸሐፊ ናቸው። ሃያ አራት ሰው፣ በየሳምንቱ፣ ከ2009 ጀምሮ። ማን ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ ዕጣው ለማን ወጣ፣ ዋሱ ማን ነው፣ ሁሉም በስሙ ትይዩ ፈርሟል። አንድ ገጽ ላይ የ20 ዶላር ስህተት ታርማለች፤ ከእርማቱ አጠገብ የሁለት ምስክሮች ፊርማ አለ። እኔ እንዲህ ያለ መዝገብ ባንክ ቤትም አላየሁ። የሰባቱን የወጥ ቤትና የመስተንግዶ ልጆች ሰዓት የያዘ አንዲት ብጫቂ ወረቀት ግን ከዚያ ቤት አልተገኘችም።

የኛ ሰው መጻፍ አይወድም የሚሉ ሰዎች ይህን ደብተር ቢያዩት ጥሩ ነበር። እንጽፋለን። የምንጽፈው ግን የማናምነውን ነው መሰለኝ። ከእቁብተኛ ጋር እንተማመናለን እያልን ዋስ እንጠራለን፤ ከሠራተኛው ጋር ደግሞ «ቤተሰብ ነን» ስለምንል ብዕሩን እንዘጋለን። ልጁም ቤተሰብ ነኝ ብሎ ስለሚያምን አይጠይቅም። አንድ ቀን እስኪጠይቅ ድረስ።

ናፕኪን ስቤ ሒሳብ ጀመርኩ። ከጁላይ 2021 እስከ ጁን 2022 ያለውን አንድ ዓመት ብቻ እንውሰድ አልኳቸው። ልጁ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በድምሩ 52 ሰዓት ይሠራል። እትዬ በየሳምንቱ 700 ዶላር በእጁ ይሰጡታል። ምግብ አለ፤ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ መቶ መቶ ይጨመራል። በእሳቸው ሚዛን ደግ ደመወዝ ነው። አሁን የዲሲን ሚዛን እንይ። በዚያ ዓመት ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15.20 ዶላር ነበር። አርባው ሰዓት 608 ዶላር ይሆናል። ከአርባ በላይ ያለው 12 ሰዓት በአንድ ተኩል ይሰላል፤ 22.80 ሲባዛ በ12፣ 273.60። ድምር 881.60። ከዚህ 700 ሲነሳ በየሳምንቱ 181.60 ጎድሏል። በዓመት 50 ሳምንት ሠርቷል ብንል 9,080 ዶላር። ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ የዲሲ ሕግ ባልተከፈለው ደመወዝ ላይ እስከ ሦስት እጥፍ ካሣ ይፈቅዳል። የልጁን ጠበቃ የሚከፍለውም የተረታው አሠሪ ነው።

«በሰዓት አልቀጠርኩትም እኮ! በሳምንት ነው የተስማማነው» አሉ።

ይህን ቃል ከስንት ሰው እንደሰማሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም። በሳምንትም ተስማሙ፣ በወርም ተስማሙ፣ ወጥ ቤት ለሚሠራ ሰው ሕጉ መልሶ ወደ ሰዓት ይመነዝረዋል። ይህ የኮሮና ሕግ አይደለም፣ የዲሲ ፈጠራም አይደለም። የፌደራሉ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ ሕግ የወጣው በ1938 ነው።

ቀና ስል ከቡና ማሽኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አየሁት። ከላይ የገብርኤል ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ስድስት ጫማ ተራራቁ የሚል ወረቀት፣ ያለ ማስክ አይገባም የሚል ወረቀት፣ እጅ አስተጣጠብ በሥዕል፣ ከነሱ ጎን ደግሞ የፌደራል መንግሥቱ የኮሮና የሕመም ፈቃድ ማስታወቂያ። ፀሐይ መትቷቸው ገርጥተዋል። ወለሉ ላይ የቢጫ ቴፑ ሙጫ ዛሬም ጫማ ይይዛል። እትዬ ከኮሮና ደንብ አንዲቱንም አላጎደሉም። ማስክ አሉ፣ አደረጉ። ፕላስቲክ ጋርዱ አሉ፣ ጋረዱ። ወንበር አንሱ አሉ፣ ግማሹን አነሱ። ጉርሻ እንኳ ለአንድ ዓመት ተከልክሎ ነበር በዚያ ቤት። ከዚያ ሁሉ ደንብ ዛሬ በሕይወት ያለ የለም ማለት ይቻላል። እትዬን የጣላቸው ግን ያ የ1938ቱ ሕግ ነው።

ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። ማርች 16፣ 2020፣ በኛ መጋቢት 7፣ 2012፣ አብይ ጾም ነው። የጾም ወጥ በትሪ በትሪ ተሰልፏል። ሜሪላንድ ምግብ ቤቶች ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሰው እንዳያስቀምጡ አዘዘ፤ ዲሲ በዚያው ማታ በ4 ሰዓት ዘጋ። ቨርጂንያ ግን አሥር ሰው ድረስ አስቀምጡ ብሎ እስከ ማርች 24 ቆየ። በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ውስጥ ሦስት መንግሥት፣ ሦስት ትእዛዝ። የእትዬ ወንድም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ካፌ አለው፤ ያን ሳምንት እሱ አሥር ደንበኛ ሲያስተናግድ እሳቸው በራፍ ላይ ሽሮ በፕላስቲክ ያቀብሉ ነበር።

ከዚያ እርዳታው መጣ። ፒፒፒ የሚባለውን የመንግሥት ብድር ያልሰማ አበሻ የለም። ኤፕሪል 3 ተከፈተ፤ የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር በ13 ቀን ተሟጠጠ። ያለቀበት ቀን ኤፕሪል 16፣ የኛ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። እትዬ ጉልባናቸውን እየቀቀሉ ነው ዜናውን የሰሙት። በሁለተኛው ዙር ግን ደረሳቸው። ስንት? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ስሌቱ የወር አማካይ ፔይሮል ሲባዛ በሁለት ተኩል ነው። ቤቱ ውስጥ ያኔ ዘጠኝ ሰው ይሠራል፤ ፔይሮል ላይ ያሉት ሦስት ናቸው። ስለዚህ መንግሥት የሦስት ሰው ብድር ሰጣቸው። የስድስቱ በካሽ ስለተከፈለ፣ በመንግሥት ዓይን ስድስቱ አልነበሩም።

ልጆቹም ላይ ያው ነው የደረሰው። ፔይሮል ላይ የነበሩት ሦስቱ የሥራ አጥ ክፍያቸውን በቀላሉ አወጡ፤ እስከ ጁላይ 2020 መጨረሻ በየሳምንቱ 600 ዶላር ተጨምሮበት። ላንዳንዱ ከደመወዙ በላይ ሆኖለት ነበር፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። የቀሩት «ማን ቀጥሮህ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሚያሳዩት ወረቀት አጡ። ካሽ ለሁለታችንም ይሻላል ተባብለው የጀመሩት ነገር ሁለቱንም ወገን በአንድ ወር አራቆተ።

ግድግዳው ላይ የገረጣው የሕመም ፈቃድም እንዲሁ ነበር። ከኤፕሪል 1፣ 2020 ጀምሮ ከ500 በታች ሠራተኛ ያለው አሠሪ በኮሮና ለታመመ ወይም ኳራንቲን ለገባ ሰው እስከ 80 ሰዓት እንዲከፍል ታዘዘ። ገንዘቡን አሠሪው ከፔይሮል ታክሱ ላይ መልሶ ያወራርዳል። በካሽ ለሚከፈለው ልጅ ፔይሮል ታክስ የማይከፍል ሰው ከምኑ ላይ ያወራርድ? ግዴታው ዲሴምበር 31፣ 2020 አበቃ፤ ማስታወቂያው ግን እትዬ ቤት እስከ 2023 በሥራ ላይ ነበር።

የወንድማቸው ነገር ደግሞ ያስቀኛል፤ ያሳዝነኛልም። ቨርጂንያ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ለሥራ ቦታ የኮሮና መከላከያ ደንብ አወጣች፤ ጁላይ 27፣ 2020 ነው የጸናው። ቴሌቪዥኑም ቤተ ክርስቲያኑም ስላወራው ሰውየው ተሯሩጦ የጽሑፍ ዕቅድ አዘጋጀ፣ ልጆቹን አሠለጠነ፣ አስፈረመ። ያ ደንብ በማርች 2022 ተሻረ። ደንቡ ከመጽናቱ ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 1፣ 2020 ላይ፣ ማንም ከበሮ ሳይመታላቸው የገቡ ሌሎች ሕጎች ነበሩ። ደመወዝ የተያዘበት ሠራተኛ አቤቱታ ለመንግሥት ብቻ ማቅረቡ ቀርቶ በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቀዱለት፤ አሠሪው እያወቀ ካጎደለ ሦስት እጥፍ። ተቀጣሪውን በ1099 የታክስ ቅጽ ኮንትራክተር ነው ብሎ መመዝገብም ልጁ እንዲከስበት በር ከፈተ። እነዚህ አልተሻሩም። ሰውየው ስለ ሁለተኛዎቹ የሰማው ከእኔ ነው፣ ያውም በእህቱ መዘዝ። ዓይናችን ሁሉ ማስክ ላይ በነበረ ጊዜ ዘላቂው ነገር በጓሮ በር ገባ።

የካርዱን ወር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጃንዋሪ 13፣ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መቶና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ላይ የወጣውን የፌደራል የክትባት ወይም የምርመራ ደንብ አገደ። በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 15፣ የዲሲ የራሷ ደንብ ጀመረ፤ ምግብ ቤት ገብቶ የሚቀመጥ ሰው የክትባት ካርድ ያሳይ። በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። አንድ አዛውንት ገቡ።

«አባባ፣ ካርድዎን?»

«የምን ካርድ? የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ቤት ስበላ አንቺ መች ተወለድሽ!»

ካርዱ ነበራቸው፤ ለመጠየቃቸው ነው የተቆጡት። መንገዱን ተሻግረው ሜሪላንድ ገቡና እዚያ በሉ፤ ሞንጎመሪ ካውንቲ እንዲህ ያለ ደንብ አላወጣምና። የዲሲው ደንብ ልክ በወሩ ፌብሩዋሪ 15 ተነሳ። አባባ የተመለሱት ግን ለፋሲካ ነው።

ስለዚች መንገድ ትንሽ ልበል። ኢስተርን አቬኑ ሁለት መኪና በሰፊው የሚተላለፍባት መንገድ ናት፤ አንዱ ዳር ዲሲ፣ ሌላው ዳር ሜሪላንድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሷ ከንቲባ የሌላት ከተማ ስለሆነች የምትተዳደረው በሞንጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ካውንቲው ደግሞ ከሜሪላንድ ሕግ በላይ የራሱ አለው። ጁላይ 1፣ 2025 ላይ በዲሲው ዳር ሳህን የሚያጥብ ልጅ በሰዓት ከ17.95 ዶላር በታች አይከፈለውም ነበር። በማዶው ዳር አሥርና ከዚያ በታች ሠራተኛ ባለው ቤት 15.50 ነበር። ለአርባ ሰዓት የ98 ዶላር ልዩነት፣ አንድ መንገድ በመሻገር! ሕመም ሲሆን ግን ይገለበጣል። ዲሲ ላይ 24ና ከዚያ በታች ሠራተኛ ባለው ቤት ልጁ በየ87 ሰዓቱ አንድ ሰዓት ያጠራቅማል፤ በዓመት እስከ ሦስት ቀን። ሞንጎመሪ ላይ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለ በየ30 ሰዓቱ አንድ፤ በዓመት እስከ 56 ሰዓት። እና ይህን ፈቃድ ኮሮና ያመጣው እንዳይመስላችሁ። የዲሲው በ2008 የወጣ ነው፣ የካውንቲው ከ2016 ጀምሮ ይሠራል። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂንያ ከገባችሁ ደግሞ በ2025 ዝቅተኛው 12.41 ነበር፤ እዚያ ኮሮና ነጠላ ቁራጭ አትርፏል፦ ከጁላይ 2021 ጀምሮ በሜዲኬድ ቤት ለቤት አረጋውያን የሚንከባከቡ ሠራተኞች የሕመም ፈቃድ አላቸው። ከኛ እናቶችና እህቶች ስንቱ በዚያ ሥራ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ዲሲ ካመጣቸው ሁሉ እኔ የምወደው የወሊድና የቤተሰብ ፈቃዱን ነው። በኮሮናው መሐል፣ ጁላይ 1፣ 2020 መክፈል ጀመረ። ሲጀመር ለወላጅ ስምንት ሳምንት ነበር፤ 56 ቀን ማለት ነው። ለወንድ ልጅ ክርስትና፣ ለአርባው ቀን ይበቃል፤ ለሴቷ ሰማንያ ግን አይደርስም። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ 12 ሳምንት ሆነ፤ 84 ቀን። የከተማው ምክር ቤት ይህን አስቦ አላደረገውም፤ እኔ ግን ከማርያም ጋር ተማክሮ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ክፍያው ከአሠሪው ኪስ አይወጣም፤ አሠሪው በየሩብ ዓመቱ ከፔይሮሉ የሚከፍላት ትንሽ ታክስ አለች፣ መንግሥት ከዚያ ይከፍላል። ደብዳቤውን ያስላከው ልጅ ሚስት እዚያው እትዬ ቤት አስተናጋጅ ነበረች። ሴት ልጅ ስትወልድ አመለከተች። በካሽ ትከፈል ስለነበር ደመወዟ መዝገብ ላይ አልተገኘም። ልጅቷን ክርስትና ያነሱት እትዬ ናቸው። ደብዳቤው ለምን እንደመጣ አሁን ገባችሁ?

እሳቸውም እዚህ ላይ ነው ዝም ያሉት።

«እሺ፣ እኔም አልጻፍኩ፣ እሱም አልጻፈ። 52 ሰዓት መሥራቱን በምን ያሳያል?» አሉኝ ቆየት ብለው።

ልጁ ጽፏል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በየበዓሉ ሥር፣ በእርሳስ። ሚካኤል 9 ሰዓት፣ ገብርኤል 8 ተኩል፣ ማርያም 10። የጠበቃው ደብዳቤ ፎቶውን አያይዞታል። ባይጽፍም ያን ያህል አይጎዳም ነበር። በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚሺጋን ውስጥ ባለ አንድ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ጉዳይ፣ ማውንት ክሌመንስ ፖተሪ ይባላል፣ የወሰነው አለ፤ ሰዓት መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው፣ አሠሪው ካልመዘገበ የሠራተኛው አግባብ ያለው ግምት ይበቃል፣ አይደለም የሚል አሠሪ ማስረጃ ያምጣ። የሕመም ፈቃዱም በዲሲም በሜሪላንድም እንዲሁ ነው፤ የሦስት ዓመት መዝገብ ማቅረብ ካልቻልክ አልሰጠህም ተብሎ ይገመታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ስንል ለካ ሲኒ ከሚሠሩት ጋር ተስማምተናል።

«አላወቅኩም» ማለትም አያዋጣም፤ በተለይ ዲሲ ላይ። በ2004 በወጣ የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቹ ዋና ዋና ወረቀቶችን በአማርኛም ያወጣሉ። አማርኛው አንዳንዴ ከእንግሊዝኛው ይከብዳል እንጂ።

ነገሩ በሽምግልናም በጠበቃም ተብሎ በስምምነት አለቀ። ስንት እንደተከፈለ አልነግራችሁም፤ ናፕኪኑ ላይ ከነበረው 9,080 ይበልጣል። ልጁና እትዬ ዛሬ ሰላም ይባባላሉ፤ የጥምቀት ዕለት አይቻቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ የቀረው ገብርኤልና የዘንድሮው የደመወዝ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ከቀዩ ደብተር አጠገብ ሰማያዊ ደብተር ተቀምጧል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ የምሳ እረፍት፣ ፊርማ። እንደ እቁቡ በሁለት ምስክር አይደለም እንጂ እርማቱም ይፈረማል።

አሁን ደግሞ እትዬ ኢስተርን አቬኑን ተሻግረው ትንሽ ካፌ ከፍተዋል። አንድ ልጅ ጠዋት በዚህ ዳር፣ ማታ በዚያ ዳር ይሠራላቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ ሁለት ገጽ ክፈቱለት፤ የትኛው ሰዓት በየትኛው ዳር እንደተሠራ ካልተጻፈ የትኛው ሕግ እንደሚይዘው ማንም አያውቅላችሁም። ከታች ግን ሁለቱን ገጽ በአንድ ደምሩ፤ አሠሪው አንድ እስከሆነ ድረስ አርባው ሰዓት የሚቆጠረው በአንድ ላይ ነው።